ንጉሥ የሌለው ዘውድ

በወር አንድ እሑድ፣ ከፔች ከተማ ዳር፣
ጎህ ሳይቀድ ይዘረጋል ያሮጌ ዕቃ ባዛር።
ጎማ የሌለው ብስክሌት፣ ጆሮ አልባ ስኒ ተደርድሮ፣
የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ በመስተዋት ተቀብሮ፣
ሁሉም በሸራ ላይ እንደ በሽተኛ ተኝቶ
ባለቤት ይጠብቃል፣ ባለቤቱ ሞቶ።

እኔ የምጎነበስ ለሳንቲም ብቻ ነው፤
ለሌላው ወገቤ ፈቃድ የለው።
ያውም ለማንኛውም አይደል፤
በሁለቱ ጦርነት መካከል
አገሬ ንጉሣዊ ተብላ
ንጉሥ አልባ በኖረችበት ዘመን ለወጣ ሳንቲም።

ሟቿ ሚስቴ ኤቴልካ፣ አልበሜን ባየች ቁጥር
በማንኪያ እየጠቆመች ትስቅብኝ ነበር፦
«ንጉሥ የሌለው አገር፣ ልብ የሌለው ባል፤
ዴዦ፣ የሁለታችሁ ነገር እንዴት ይመሳሰላል!»

አልተሳሳተችም። ገልብጣችሁ እዩት ፊሌሩን፤
ሰው የለበትም፤ ዘውድ ብቻ፣ አናቱ ላይ መስቀሉን
ወደ ጎን እንዳዘመመ።
ማን እንዳጣመመው ታሪክ ጸሐፊዎች እንኳ አልተስማሙም።
ዘውዱ ራስ ይፈልግ ነበር።
ራስ ሁሉ ሌላ ሥራ ነበረው።

ትልቁ ገንዘብ ፔንጎ ነው፤ ትርጉሙ «የሚያቃጭል» ማለት።
አባቴ፣ የባቡር ሐዲድ ጠባቂው፣ ደመወዝ በወጣ ዕለት
አንድ ባንድ በምድጃው ጠርዝ ላይ ጣል እያደረገ
ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር፣ ሐሰተኛውን እየፈለገ።
«ብር ሲወድቅ ይዘምራል፤ እርሳስ ሲወድቅ ያስላል»
ይለኝ ነበር። ሰውንም እንዲሁ ይመዝናል።

ጦርነቱ መጥቶ ብሩ ሁሉ ሸሸ፤
በጭስ ማውጫ ታጨቀ፣ በካፖርት ጠርዝ አመሸ።
ያው ስም፣ ያው ዘውድ በአሉሚኒየም ታተመ፤
ቢጥሉት ግን እንደ ቅጠል ዝም ብሎ ተጋደመ።
የሚያቃጭለው ድዳ ሆነ። በወረቀቱ ላይ ዜሮ ዜሮን ወለደ፤
ጧት ዳቦ የሚገዛው፣ ማታ ከክብሪት ዋጋ ወረደ።
አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አንድ የበጋ ጧት
የመንገድ ጠራጊ አየሁ፣ ገንዘቡን ወደ ቦይ ሲገፋው በመጥረጊያ።
ጎንበስ አልኩ። «ተወው!» አለኝ አባቴ።
ጎንበስ እንዳልኩ ነኝ፤ ሰባ ዓመት ሊሞላ ነው።

ዛሬ፣ በኅዳር ጉም ውስጥ፣ ከቪላኝ የመጣች ሮዛሊያ የምትባል
የልብስ ቁልፍ የሞላ ጣሳ ገለበጠች፤
ከቁልፉ መካከል ሁለት ፔንጎ፦ ማርያም ልጇን እንዳቀፈች፣
ከራሷ በላይ ተበስታ በጥቁር ክር የታሰረች።
«ተበስታለች፤ አለቀላት» አለ ከጎን ያለው ነጋዴ።
ማጉያ መነጽሬን አወጣሁ። ጀርባዋ እንደ አዲስ ነው።
ፊቷ ግን የለም፤
የእናትም የልጅም መልክ እንደ ሳሙና ሟሙቶ
አንዲት ጎድጓዳ ብቻ ቀርታለች፣ የአውራ ጣት ልክ።

«የማን ናት?»
«የእናቴ። ቡዳፔስት የተከበበች ክረምት
ምድር ቤት ውስጥ አምስት ልጅ ይዛ ስትቀመጥ
ጣቷን ከሷ ላይ አላነሳችም።»
«ስንት?»
«በግራም ነው የምሸጠው» አለች፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳትነቅል።
እናቷ የፈገፈገችው ያህል ከዋጋው ተቀነሰ።

ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግኋት፣ እንደ አባቴ።
አልዘመረችም። አላሳለችም።
የሆነ ነገር ልትናገር ጀምራ ተወችው።

እቤቴ፣ አልበሙ ውስጥ፣ የዚያው ዓመት እኅቷ አለች፤
እጅ ያልነካት፣ በፕላስቲክ የተሸፈነች፤
ቦታው ሞልቷል። ይቺን ኪሴ ውስጥ ከተትኳት፤
ከቤት ቁልፍ፣ ከመሐረብ ጋር ቀላቀልኳት።

አውቶቡስ ላይ ስወጣ
ከፎሪንቱ ጋር አብሬ ሰጠሁ፣ ሳላውቅ።
ሹፌሩ ልጅ እግር ነው። በመዳፉ ላይ አገላብጦ አያት፤
ወደ መብራቱ አነሳት፣ በቀዳዳዋም አጮለቀባት፤
ከኋላዬ ሰው ያጉረመርማል።
አውራ ጣቱ ጎድጓዳዋ ውስጥ እንደ ገባች
«አያቴ» አለኝ፣ «ይቺ አታስኬድም።»
ቶሎም አልመለሳት።